ቁልፉ እምቢ ያለ ለት

የሚስት እናት አራስ ልጃቸውን ሊያግዙ መጥተው፣ ሕፃኑ ጥርስ እስኪያበቅል ቆዩ። ሳሎን ውስጥ ባል የሚወደው ወንበር የሳቸው ሆነ። ባል የሚያየው ዜናም በሳቸው ድራማ ተተካ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሻንጣቸውን ዘጉ።

«ምነው እማዬ፣ ማን ምን አለሽ?» አለች ልጃቸው።

«ማንም። አማችም ሰው ነው፤ ቤቱ ይናፍቀዋል።»

ባል አልተከራከረም። ሻንጣውን ብድግ አድርጎ በሩ ሥር አስቀመጠና፣ «በሉ እማማ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎ» አለ።

ሚስቱ አፈጠጠችበት። ሰው እንዲህ ይቸኩላል?

እናትየው ጫማ ሊያደርጉ ሕፃኑን ከጀርባቸው ሲያወርዱት ቤቱን በጩኸት ቀወጠው። አባቱ ቢያባብለው እምቢ አለ፤ እሳቸው መልሰው ሲያዝሉት ግን ጸጥ አለ።

ባል በሩን ሊከፍት ሄደ። ቁልፉ ግን ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ባል ታገለው፤ ሚስት ታገለችው። ዘይት አጠጡት። ወይ ፍንክች!

«እግዜር ካልፈቀደ ምን ይደረጋል» አሉና እናትየው ጫማቸውን መልሰው አወለቁ። ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

ባል ለቁልፍ ሠሪ ደወለ። «ኧረ ቶሎ ድረስልን! አማቴ መንገደኛ ናቸው!» እያለ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

«ቀስ በል እንጂ!» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። «ልታባርራት ነው እኮ የሚመስለው።»

ቁልፍ ሠሪው ሲደርስ ትርፉን ቁልፍ በመስኮት ወረወሩለት። ከውጭ ሆኖ ነቅንቆ ነቅንቆ በሩን ከፈተው። አውቶቡሱ ግን ሄዷል። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ፈታታና፣ ከሆዱ ውስጥ የክብሪት ስባሪ በወረንጦ ጎትቶ አወጣ።

«ከውስጥ የተሰካ ነው» አለ።

ሚስት ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ መቆየት ከፈለግሽ ለምን አትነግሪኝም?»

«እኔ?» እናትየው ደማቸው ፈላ። «ወልጄ ባሳደግኋት ልጅ ቤት፣ ለመቆየት ብዬ በር ላበላሽ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ነገ በሩ እምቢ ቢል በመስኮት እወርዳለሁ!»

ባል መሃል ገባ። «አንቺ ደግሞ፣ እናትሽ እኮ ናቸው! እማማ፣ እርስዎም ይተዉት፤ ነገ እኔ ራሴ እሸኝዎታለሁ። ደግሞ ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ እንጂ፣ ምን ያስቆምዎታል?»

ሚስቱ በስስት አየችው። ከጠዋት ጀምሮ በከንቱ ነው በሆዷ ያማችው።

ባል ቁልፍ ሠሪውን ሊሸኝ ወጣና በሩን ከኋላው ገጠም አደረገ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቁልፍ ሠሪው ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ክብሪቱን ተወው ብዬህ አልነበር? ነገ ብሎኑን ብቻ አላላው፤ ማንም ሰው አይጠረጠርም።»