ጋቢናው

ነርሷ ክረምት ከበጋ ሩቅ ሆስፒታል ትመላለሳለች። መንገድ ላይ እየቆመ ዝናብ የሚያስመታት አሮጌ መኪናዋ አንገሽግሿት ሌላ ልትገዛ በዝናብ ወደ መኪና መሸጫ መጣች።

«እህቴ፣ ይቺ እንኳን ዝናብ ጎርፍም አይበግራት! ሞክሪያት» አለ ደላላው። ራሱ ግን አልገባም፤ ጣሪያው ሥር ቆሞ ቀረ።

ብቻዋን አስነስታ ወጣች። ገና አስፋልቱን ከመያዟ የቀበቶ ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። የራሷን አስራለች፤ የሚጮኸው የጋቢናው ነው። ጋቢናው ላይ ደግሞ ቦርሳዋ እንኳ የለም።

«ውሸታም! የተበላሸ ሊያሸክመኝ!»

ወንበሩን በቡጢ ነረተችው። ጩኸቱ ባሰበት። ዝናቡና የደላላው ምላስ ተደምረው ደሟን አፈሉት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀበቶህን እሰርና እረፍ!» ብላ ባዶው ወንበር ላይ አምባረቀች።

ከጎኗ ቀበቶው ቀስ ብሎ ሲሳብ ሰማች፤ ከዚያ ቀጭ አለ።

ጩኸቱ ቆመ።