የጋሬት አምስት ፓውንድ

ቀረብ በሉ፣ እግራችሁም ይሙቅ። ይህ የምነግራችሁ በእኛው ወደብ፣ እዚሁ ዳገቱ ላይ የሆነ ነው። ማንንም ላማበት አይደለም፤ እናንተም ለማማት አትቸኩሉ።

ሜቪስ ከዳገቱ በሦስተኛው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ የእሷ ሳይሆን የልጇ የጋሬት። ጋሬት ወለድ የሌለው ክሬዲት ካርድ አውጥቶ ለዓሣ ሥራው ቦት ጫማና ውኃ የማያስገባ ካፖርት ገዝቶበታል። ሦስት መቶ ስድሳ ፓውንድ። ሠላሳ ወር ወለድ የለውም፣ በየወሩ ትንሿን ክፍያ፣ አምስት ፓውንዷን፣ እስከከፈሉ ድረስ። አንድ ቀን ካለፈ ግን ወለዱ ይጀምራል፤ በብድር መዝገቡም ላይ ስድስት ዓመት የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። ካርድ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ፖስተኛው ፔርሲ የሌላውን ሰው ደብዳቤ በበሩ ቀዳዳ ወርውሮ ያልፋል። ይህንን ግን አንኳኩቶ በእጇ ይሰጣታል። ሜቪስ ፖስታውን አትቀደውም፤ በቅቤ ቢላ ቀስ ብላ ትከፍተዋለች። የመጀመሪያዋን መስመር ታነብና አጥፋ ከሻይ ቆርቆሮው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ኮቷን ደርባ፣ አምስት ፓውንዷን ይዛ ወደ ባንክ ትወርዳለች። ዝናብም ቢሆን፣ ጉልበቷንም ቢያማት።

አምና በክረምት ኖሪን የምትባል ሴት ከሊድስ ከተማ መጥታ ከሜቪስ አጠገብ ያለውን ቤት ተከራየች። አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም፤ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ። በሳምንቱ ሻይ መጠጣጣት ጀመሩ።

«ስንት ዓመቱ ነው ይሄ ልጅሽ?» አለች ኖሪን ደብዳቤውን አይታ።

«በመጋቢት ሠላሳ አንድ ዓመት ይሞላዋል።»

«እና ለሠላሳ አንድ ዓመት ጎረምሳ እናቱ ትክፈልለት? የኔ ቢሆን በመጥረጊያ ነበር የማባርረው።»

«ጥሩ ልጅ ነው። ቤት መግዛት ነበር ሐሳቡ። ‹እማ፣ መዝገቤ ከጠራ ባንኩ ያበድረኛል› ይል ነበር። መዝገቡ እንዳይበላሽበት ብዬ ነው።»

«እሱስ አይጨነቅበትም?»

ሜቪስ ሻይ ጨመረችላት።

ኖሪን ነገሩን አልተወችውም። ገና መጣ፣ ጋሬት አልመጣም። የእናቶች ቀን መጣ፣ የመልካም ምኞት ካርድ እንኳ የለም። ዓሣ ጠባሹን ዊልፍን ጠየቀችው። «ያ የሜቪስ ልጅ የት ነው የሚውለው? እናቱን እንዲህ እያስከፈለ አያፍርም?» ዊልፍ ዓሣውን በወረቀት ጠቀለለና «ኮምጣጤ ልጨምር?» አላት። ከኋላዋ የተሰለፉትም ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ። ኖሪን ገባኝ ብላ ወጣች። ከተማው በሙሉ አፍሮበታል ማለት ነው።

እሁድ ምሳ ብትጠራት ደግሞ ሜቪስ እሺ አትልም። እሁድ እሁድ ጨርቅና የነሐስ መወልወያ በቅርጫት ይዛ ወደ ወደቡ ትወርዳለች። የቤተ ክርስቲያን የጽዳት ተራ ይሆናል ብላ ኖሪን አልጠየቀቻትም።

አንድ ቀን ሜቪስ ሻይ ልታወጣ ቆርቆሮውን ስትከፍት፣ ኖሪን ከውስጡ የተጠቀለለ የፓውንድ ኖት አየች።

«ገንዘቡ ካለሽ ለምን አንዴ ከፍለሽ አትገላገዪም?»

«አምስት አምስቱ ይበቃኛል።»

«እሱ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም፣ እቴ።»

ኖሪን አላመነችም። በእሷ ቤት ነገሩ ግልጽ ነው። ልጁ መዝገቡን በእናቱ እያስጠረገ፣ ዓይኑን ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ጥሏል።

ሠላሳው ወር ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሃያ አራት በመቶ ወለድ እንደሚመጣ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ደረሰ። ያኔ ኖሪን ምን አደረገች መሰላችሁ? ሜቪስ ማሰሮ ልታወርድ ዞር ስትል የካርዱን ቁጥር ገለበጠች። ለአዲስ ጥርስ ካጠራቀመችው ላይ ሁለት መቶ ሃያ ፓውንድ ይዛ ባንክ ገባች።

«ሁሉንም ነው የሚከፍሉት?» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ።

«ሁሉንም። ለእሱ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለእናቱ ነው።»

ልጅቷ ስሙን አየችው። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ወረፋው ረዘመባትና ማኅተሟን መታች።

ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፔርሲ አንኳኳ። ሜቪስ ፖስታውን በቢላዋ ከፈተች። የዚያን ቀን ከመጀመሪያው መስመር አልፋ እስከ ታች አነበበች።

«ውድ አቶ ጋሬት ፖስጌት፣ ዕዳዎን ከፍለው ጨርሰዋል። አንድም ክፍያ አላሳለፉም። ካርዱን እንደገና እስኪጠቀሙበት ድረስ ከእንግዲህ ደብዳቤ አንልክልዎትም።»

ኖሪን ኬክ ይዛ ስትገባ ሜቪስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ እያለሰለሰች ነበር።

«እኔ ነኝ የከፈልኩት» አለች ኖሪን። «አታልቅሺ፣ የኔ እህት። ምስጋናውን እሱ ሲመጣ ያመጣዋል።»

ሜቪስ ወረቀቱን አጥፋ ከሻይ ቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጥርስሽስ?»

«ድድም ያኝካል።»

«ልብሽ ደግ ነው፣ ኖሪን። አንቺን ምን እላለሁ።»

ተነሥታ ቅርጫቷን አወጣች። ከመወልወያው ጋር አንድ ሳይሆን ሁለት ጨርቅ ከተተችበት።

«ዛሬ እኮ እሁድ አይደለም» አለች ኖሪን።

«አውቃለሁ። ነይ አብረን እንውረድ።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳገቱን ወረዱ። በወደቡ ግንብ ላይ፣ ባሕሩ ወስዶ ያልመለሳቸው ሰዎች ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። የላዮቹ ስሞች በጨው አረንጓዴ ሆነዋል። ሜቪስ አንዱን ጨርቅ ለኖሪን ሰጠቻትና ከታች በኩል ጎንበስ አለች።

ከሁሉ በታች፣ እንደ ወርቅ የሚያበራው መስመር፣ «ጋሬት ፖስጌት» ይላል።