የዳና ጸሎት ቤት የተነሣ ቀን

«እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ልናነሣው ነው» አለ ወንጌላዊ ክብሩ።

አገርነሽ ፈቀቅ አለች፤ ግን ብዙ አልራቀችም። ጸሎት ቤቱን ከቀርከሃ የጎነጎነው ባሏ ዳና ነው። በደርግ ጊዜ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ፣ ለካድሬዎቹ መኖሪያ ቤት እንዲመስላቸው ብሎ እንደ ማንኛውም የደጋ ቤት በሩን ዝቅ አድርጎ ሠራው። እሱና አገርነሽ እዚያው እየኖሩ፣ ምእመናኑ እንግዳ መስለው እየመጡ ይጸልዩበት ነበር። አንድ እሑድ ግን ካድሬዎቹ ዳናን ከበሩ ላይ ወሰዱት። ሬሳው እንኳ አልተመለሰላትም። መቃብሩ ለእሷ ይኸው ቤት ነው።

ዛሬ ሥሩን ምስጥ በልቶታል። አጥቢያው ወደሠራው አዲስ የብሎኬት አዳራሽ ግቢ ተወስዶ ለመታሰቢያ ይቁም ተባለ። በአገሩ የቀርከሃ ቤት እንዳለ ተነሥቶ በሰው ትከሻ ይሄዳል። አገርነሽም እሺ ስትል የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሩ ዳና ወደተወሰደበት መንገድ እንዲዞር።

«ሰው አነሰን እኮ» አለች ልጇ ቤተል፣ ዙሪያውን አይታ።

«እነ ሽበሺስ፣ ጎረምሶቹ?» አለች አገርነሽ።

«ቆላ ጫኖ ወርደዋል፣ ሙዝ እርሻ ላይ ናቸው። ሌሎቹም ለሽመና ብለው አዲስ አበባ ቀርተዋል።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከወንዶቹ ጎን ገቡ።

«በኢየሱስ ስም! በሉ!»

ቤቱ ተነሣ። የአገርነሽም ልብ አብሮት ተነሣ። ጥቂት እንደተራመዱ አንደኛው ጎን ዘመመ፤ ቀርከሃው ተንጣጣ።

«ልቀቁ! ልቀቁት!» ብሎ ጮኸ ክብሩ።

ሁሉም ዘለው ሲያመልጡ ቤቱ በጎኑ ወድቆ ተሰባበረ። ሰው አልተጎዳም። 

ክብሩ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ወደ አገርነሽ መጣ። «እማማ… በሩን አዞርልዎታለሁ ብዬ ነበር።»

«ብለኸኛል፣ ልጄ። አንተ ምን ታደርግ።»

«ፎቶ አንሥተነዋል። በትልቁ አሳትመን አዳራሹ ውስጥ…»

አልሰማችውም። ቤቱ በነበረበት የቀረው ክብ ወለል ብቻ ነው፤ ስንት ጉልበት ያለሰለሰው፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ አፈር። ቤተል ክንዷን ልትይዛት ስትል ቀስ ብላ አስለቀቀቻት። ዙሪያውን ዞራ በሩ ወደነበረበት ሄደች።

ከዚያ መቃንም ጉበንም በሌለበት፣ ጎንበስ ብላ ገባች።