ረሃብ የማያውቅ ሆድ

አሥር አለቃውን ከምሽግ ይዞት የወጣው የሆድ ሕመም ሠላሳ ዓመት አላስበላ አላስተኛ ብሎት ኖሯል። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር የተወሰደ ጠቃሚ ባክቴሪያ በእንክብል አድርጋ ሰጠችው። ሽሮ እንኳ የማይስማማው ሰውዬ በሦስት ወሩ ቁርጥ በላ።

"የለጋሹን ጉልበት ሳልስም አልሄድም" አላት።

"ዕድሜያቸውን ሙሉ ረሃብ የሚባል ነገር አያውቁም። እንዲህ ያለ ሆድ አይገኝም" አለችና አስጠራችለት።

ሽማግሌው እንደገቡ አሥር አለቃው ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሲል የሽማግሌውን ፊት ለየው። "ስንቃችሁ መንገድ ላይ ተቃጠለ" እያለ የምሽጉን ወታደሮች ምግብ የሸጠው፣ በኩሬ ውኃ ሣር ቀቅለው እንዲበሉ ያደረጋቸው የስንቅ ሹሙ ሻምበል ነው።

ሻምበሉም አልረሳውም። ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"አይዞህ፣ አሥር አለቃ። ድሮም የማበላህ እኔ ነበርኩ።"