ሁለተኛው አንባቢ

«አራት መቶ ብለሽ ጻፊ!» ይላሉ ቀዶ ሐኪሙ፣ እጃቸውን ከሴትየዋ ሆድ ሳያወጡ።

ሲስተር ደም የጠጣውን ጎዝ ከሚዛኑ ላይ ታነሳለች። «ዶክተር፣ የፈሰሰው ደም የጎዙና የመምጠጫው ጠርሙስ ሲደመር አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሚሊ ነው።»

«ግማሹ ያጠብኩበት ውሃ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ውሃውን ቀንሼ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!»

ማደንዘዣ ሰጪው ከታማሚዋ ራስጌ ተቀምጦ ይሰማል። ሰውየው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የሚዋሹት። ለምን እንደሆነም ያውቃል። ደም ሳይሰጣቸው ጉበታቸውን የቀደዱላቸው ሰዎች አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል፤ ይቺ ሃያኛዋ ልትሆን ነው፤ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ሊያወሩት ነው።

ደግሞ አማቱ ናቸው። ልጃቸውን ካገባ አራት ዓመቱ፣ አንድ ቀን «ልክ ነህ» ብለውት አያውቁም። ቤታቸው ሲሄድ እንግዳ ፊት «አስተኚው መጣ» ይሉታል፤ እንግዳውም ይስቃል።

ጠዋት «ደም ስሯ ከሞላ ጉበቷ ይደማል፣ ግሉኮሱን ቆጥብ» ሲሉት ልክ ነበሩ፤ ቆጥቧል። አሁን ግን የሴትየዋ የደም ግፊት ወደ ስድሳ ወርዷል፣ ልቧ ይጋልባል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። የሦስት ልጆች እናት ናት። ሊያስተኛት ሲል እጁን ይዛ «አደራህን» ብላዋለች።

«ግፊቷ ስድሳ ነው፤ ደም ልጀምርላት» ይላል።

«አንተ አስተኛ፣ እኔ ልቅደድ! አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ። ያንን የደም ከረጢት የሰቀለ ሰው እኔ ያለሁበት ክፍል ሁለተኛ አይገባም፤ ቤቴም ጭምር!»

ሲስተር የደሙን ከረጢት ከበረዶ ሳጥኑ አውጥታ ራስጌው ትቆማለች። ደም የሚሰቀለው ሁለት ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ ነው፤ አንዱ ከከረጢቱ፣ አንዱ ከታማሚው እጅ ላይ ከታሰረው መለያ። ብቻዋን አትችልም።

«ኦ ፖዘቲቭ። አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ።»

ማደንዘዣ ሰጪው አማቱን ያያል። ሚስቱ ትታየዋለች፣ በአባቷና በባሏ መሃል ቆማ ስታለቅስ። ወይ ጣጣ! ምነው ሌላ ሐኪም ቤት በተቀጠርኩ ይላል በሆዱ።

«ሁላችሁም ተኝታችኋል እንዴ?» ትላለች ሲስተር በንዴት። እንደገና ታነባለች።

የታማሚዋን እጅ ያነሳል፤ ቀዝቅዟል። «ኦ ፖዘቲቭ። አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ።» ከከረጢቱ ጋር ያስተያያል። «ልክ ነው። ስቀይው። ሌላም አምጪ።»

«ጉድ ፈላ!» ይላሉ አማቱ። «ዛሬ አዛዡ አንተ ሆንክ? እሺ ጌታው፣ ልቀጥል?»

«አይቀጥሉም። በጎዝ ይጫኑት። ደሙ ሲገባላት እነግርዎታለሁ።»

 ከጭንብሉ ሥር የአማቱ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ስድቡ ግን አይወጣም። አዲስ ጎዝ ይቀበላሉ፣ ጉበቱ ላይ ደርበው በሁለት እጃቸው ይጫኑታል። ደሙ በቱቦው መውረድ ይጀምራል።

ዓይናቸውን አንስተው አስተኚውን ያያሉ፤ ይጠብቃሉ።