አልወርድ ያሉት ፓኬጆች

የመካነ ሰላም የባና ሸማኔዎች ማኅበር አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰሞን ሊቀ መንበሩን ጋሽ ዋለን ያናደዳቸው አንድ ነገር ነበር። ደብዳቤ በታተመ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፈው ቀን የፈረንጅ ነው።

«ወረዳው ይስቅብናል! እስቲ አንቺ ልጅ አስተካክይው» አሏት ከመጋዘን ወደ ቢሮ የመጣችውን ጁማናን።

ጁማና ወዲያው የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስተካከለችው። ጋሽ ዋለ ደስ አላቸው፤ የማኅበሩን ድረ ገጽም እንድትሠራ ለእሷ ሰጧት።

ቢሮው ሁሉ ግን ኢማድ ይሠራዋል ብሎ ነበር የጠበቀው። ኢማድ ቀድሟት የተቀጠረ፣ በራሱ ላፕቶፕ የሚሠራ፣ የኢንተርኔቱንም የይለፍ ቃል ብቻውን የያዘ ልጅ ነው። «አብሽሪ፣ ይቅናሽ» ብሏት ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። እሷን ያሳሰባት ይኸው አለመከፋቱ ነበር።

ደሴ ላይ ባዛር ሊከፈት ነው። ገዢዎች ማኅበሩ ከአቀስታ በግ ጸጉር የሚሠራውን ባና ብርድ ልብስ በድረ ገጹ እያዩ እንዲያዙ ታስቧል። «ካልደረሰ ሥራውን ለደሴ ባለሙያዎች እሰጣለሁ፤ አንቺም ወደ መጋዘንሽ» ብለዋታል ጋሽ ዋለ።

ድረ ገጹ የቆመው ደግሞ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ባስቀመጧቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በፓኬጆች ነው። አንዱ ፎቶ ያሳያል፣ ሌላው ትእዛዝ ይቀበላል። ጁማና ልታወርዳቸው ስትል ግን ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ ይተፋል፦ የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም።

ሌላ ፓኬጅ ሞከረች። ያው ቀይ። አሮጌውን ሞከረች። ያው ቀይ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ቀይ!

«ምን ፓኬጅ ነው እሱ?» አሉ ጋሽ ዋለ በበሩ ሲያልፉ። «የጤና ነው የግብርና?»

ጁማና መሳቅ አልቻለችም።

«እኔ ጋ እኮ ይወርዳል» አለ ኢማድ ካጠገቧ። እውነትም ይወርድለታል። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ኢንተርኔት!

«ኮምፒውተርሽን ልየው?»

«እጅህን እንዳታስነካው!»

«እሺ፣ በፍላሽ ልስጥሽ።»

«ከነቫይረሱ?»

ጋሽ ዋለ የኢማድን ላፕቶፕ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይቺ ልጅ አስተካክላ፣ አንተ ግን አሁንም ቀኑን ከፈረንጅ ጋር ነው የምትቆጥረው?»

«ለምጄዋለሁ ጋሼ» አለ ኢማድ እየሳቀ።

ያ ሳቅ ጁማናን አንገበገባት። ይስቃል! እሷ እንቅልፍ አጥታ፣ እሱ ይስቃል! ባዛሩ ሊከፈት ሲቃረብ መታገሥ አቃታትና ጋሽ ዋለ ቢሮ ገባች።

«ኢንተርኔቱን እየዘጋብኝ ነው። ሥራው ለእኔ ስለተሰጠ ነው።»

ኢማድ ተጠራ። «ወላሂ አልዘጋሁባትም» አለ።

«እንግዲያው ለምን ላንተ ብቻ ይወርዳል?» ጋሽ ዋለ ጠረጴዛውን መቱ።

ኢማድ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ጁማናን አያት። «እኔ አገሬ ከላላ፣ እናቴ ጋ እገባለሁ። አንቺ ብቻ ይቅናሽ» አላትና ወጣ።

አሁን ኢንተርኔቱ የእሷ ብቻ ነው። ማውረጃውን ነካችው።

ቀይ።

ማልቀስ ብቻ ነበር የቀራት። ደሴ ኮምፒውተር ለምትማረው ጓደኛዋ ለመርዋ ደወለችና ቀዩን ጽሑፍ አነበበችላት።

«እሱማ ፓኬጆቹን የምታወርጂበት ድረ ገጽ መታወቂያ ነው» አለች መርዋ። «ዘንድሮ የታደሰ ነው። ኮምፒውተርሽ ዘንድሮ ገና አልደረሰም ብሎ ካሰበ አይቀበለውም። ዓመቱን ስንት ይላል?»

ውጭ የከላላው መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ ኢማድን እንደጫነ ተነሣ።

ጁማና ወደ ስክሪኑ ጥግ ዞረች፤ የፈረንጁን 2017 አጥፍታ በገዛ እጇ ያስተካከለችው 2009 እዚያው ነበር።