የግንበኛው ጀርባ

ግንበኛው ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ የኖረ ሰው ነው። ከቀኝ ትከሻው በታች የወጣችበትን ጥቁር ነገር ሐኪሙ ቆርጦ ካወጣት በኋላ ውጤቱን አይቶ ፊቱን ቋጠር አደረገ።

«የቆዳ ካንሰር ነው፣ ጋሼ። ጠርዙ አላማረኝም። የቀረ ነገር ሊኖር ስለሚችል ዙሪያውን ደግመን ብንቆርጠው ይሻላል።»

ግንበኛው ሁለተኛ ምላጭ ለማየት ወኔ አልነበረውም፤ አሻፈረኝ አለ።

«እንግዲያው ጀርባዎን የሚያይልዎት ሰው ያስፈልጋል። ያሳክክዎት ነበር?»

ሚስቱ ቀደመች። «ያሳክካል እንጂ! ላብ ሲነካው ደግሞ ያንገበግባል።»

እሱ ማሳከኩን እንጂ ማንገብገቡን አላስተዋለም ነበር። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ከራሱ በላይ ብታውቀው አልገረመውም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ አትክልት ቦታዋ ከመሄዷ በፊት መስኮት አጠገብ አስቀምጣ ጀርባውን ታየዋለች።

«እህስ?»

«የሕፃን ጀርባ መስሏል። ይልቅ ሥራ ጠልተህ እንደሆነ በእሱ አታመካኝ።»

ይሳሳቃሉ። የእሱ ሳቅ ግን ካንገት በላይ ነበር።

አንድ ቀን አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አየ። «የትንኝ ነው» ብላ ወስዳ ዘፈዘፈችው። በሳምንቱ ተደገመ። በሦስተኛው ጊዜ ከሥራ ሲገባ ጓሮ ስታጥብ ደረሰባት፤ ስታየው አንሶላውን ጨብጣ ውሃው ውስጥ ደፈቀችው።

ተመልሶብኛል፣ እንዳልደነግጥ ብላ እየደበቀችኝ ነው አለ በልቡ። በሁለት መስታወት ጀርባውን ለማየት ሞከረ፤ ጠባሳው ግን ከመስታወቱ እያመለጠ አልታይ አለው። እሷን እንዳይጠይቅ ደግሞ መልሱን ፈራ። እሷም ከሳች። ወንበር ላይ እንኳ መደገፍ ትታ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ትላለች።

«በእኔ ሐሳብ አለቅሽ እኮ» አላት።

«አንተ ዳንልኝ እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ!»

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «ቁረጠኝ» አለ።

ሐኪሙ ጠባሳውን ከነዙሪያው አወጣው፤ ውጤቱ እስኪደርስም ሆስፒታል አስተኛው። ሚስቱ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ «ያን አሮጌ አንሶላ ጣልኩት። ላንተ ብዬ አዲስ ገዝቼ አንጥፌያለሁ» አለችው።

ሐኪሙ አንድ ጠዋት እየሳቀ ገባ። «ንጹሕ ነው፣ ጋሼ! ከድሮውም ምንም የቀረ አልነበረም። በከንቱ ሲሰጉ ከርመዋል።»

ግንበኛው እንደ ልጅ አለቀሰ። ለካስ እውነትም ትንኝ ኖሯል! ያችን የመሰለች ሴት መጠርጠሩ አሳፈረው። ይቅርታ ሊጠይቃት ሳይነግራት ወደ ቤቱ ከነፈ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከጓሮ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ከመጥራቱ በፊት ትንፋሹን ሊሰበስብ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ።

አንድም ቀን ባልተኛበት አዲስ አንሶላ ላይ ገና ያልደረቀ የደም ነጠብጣብ ነበር።